ገላው የተባለው ንስር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኦክቶበር 20፣ 2024

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ወልደአምላክ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኔም፣ እማዬም፣ ልጄ ሶሊም ደህና ነን፤ ስሙ ይመስገን። ብርዱ ሳይገባ እማዬ ከወዲሁ ሁለት ካልሲ ደርባለች። ይህን ደብዳቤ የያዘችው ሲሐም ናት፤ ዊተን ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ። ጅማ ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ ስለምትሄድ ከዚያ በማሻ አውቶቡስ ትልክልዎታለች። ስልክ ቢሰሙልኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ሰው አላስቸግርም ነበር፤ ግን የርስዎ ጆሮ ከተዘጋ ወዲህ የኔም የእጅ ጽሕፈት ተሻሻለ። ያዘዙኝን ቦቲ ጫማ አብሬ ልኬያለሁ። ለረግረጉ ይሆናል ብዬ ረጅሙን ነው የመረጥኩት። መነጽሩን በሚቀጥለው ሰው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እማዬ መመንኮስ ፈልጋለች። ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ አደርሳታለሁ፤ ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ተቀምጣ የምታስበው ይህንኑ ብቻ ነው። ሳልሞት ቆብ ልድፋ ትላለች። እኔም ከሥራ አንድ ቀን ኦፍ ወስጄ የቤተ ክርስቲያናችን አባት አባ ምናሴ ጋ ወሰድኳት። እሳቸው በደስታ ተቀበሏትና አንድ ነገር ጠየቋት። በቁርባን ያገባሽው ባልሽ የት ነው? ሞቶ ከሆነ ሞቱን ያየ ሰው ይመስክርልሽ፣ በሕይወት ካለ ፈቃዱን ይስጥሽ፤ ከሁለቱ አንዱ ካልተገኘ ቆብ ልደፋልሽ አልችልም አሏት። እማዬ አላውቅም አለች።

ጋሼ፣ ያውቁታል፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጥቁር አልለበሰችም፣ ሌላም አላገባችም። አባቴ ዲማ ወርቅ ቁፋሮ ሄደ ብለው የነገሯት እርስዎ ነዎት። በኋላም ወደ ሱዳን ተሻገረ ሲሉ ሰማሁ ብለው ጻፉላት። እኔ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጥሎን ሄደ ብዬ ተቀይሜው ነው ያደግኩት። አሁን ቅያሜው ይቅር። አብረውት ከሄዱት ሰዎች አንዱ እንኳ በሕይወት ካለ ይፈልጉልኝ። በሕይወት ቢኖርም፣ ቢሞትም ቁርጡን ይንገሩን።

ሳልረሳው አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። እርስዎ የሚጠብቋቸው ዓሣ አዳኝ ንስሮች እዚህ ድረስ ዝናቸው መጥቷል። የሶሊ ክፍል ለወፎቹ ጥናት እርዳታ አሰባሰበና የአንዱን ስም እንዲያወጣ ተፈቀደለት። ዕጣው ለሶሊ ደረሰ። እሷም ሦስተኛውን ወፍ ገላው ብላ ሰየመችው፤ አይቼው የማላውቀው የአያቴ ስም ነው ብላ። እኔ የሰማሁት ሰርተፊኬቱን ይዛ ስትመጣ ነው። እማዬ ሳቀች፣ ከዚያ መኝታ ቤቷ ገባች።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅልን።

ልጅዎ የዓለምዘርፍ ገላው

———

መንደር ሦስት፣ ጋቦ ረግረግ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለየዓለምዘርፍ፤

የዛሬው ባለ ቀን ቅዱስ ሚካኤል አንቺንም፣ ልጅሽንም፣ እናትሽን ዋርሳዬን አበባንም በክንፉ ይጋርዳችሁ። እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቦቲው ሰፍቶኛል፤ ጨርቅ ጠቀጠቅኩበትና ልክ ሆነ።

ልጅሽን ግን ምን ነካት? ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ተማሪ በዕጣ ያወጣዋል ሲባል አልሰማሁም። እኛ ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ በሬዎቻችንን እንኳ ቡሬ፣ ዳልቻ ነበር የምንላቸው። የክርስቲያን ስም ለአውሬ አይሰጥም። ያውም የወንድሜ ስም። ያውም ለዚህ ወፍ።

ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ነገሩን ከብስራት ሰምቼዋለሁ። ብስራት ንስሮቹን የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ሰው ናት፤ የቀጠረችኝም እሷ ናት። ሦስቱ ወፎች ጀርባ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል መሣሪያ አስራለች። የኔ ሥራ ጠዋት ረግረጉ ዳር ተቀምጬ የትኛው መቼ እንደተነሣ፣ መቼ ዓሣ እንደያዘ፣ የት ዛፍ ላይ እንደዋለ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። ለዚህ ጆሮ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል። እሷ ከኔ ጋር የምትነጋገረው በወረቀት ነው። አንድ ቀን መጣችና ሦስተኛው ገላው ተባለ ብላ ጽፋ አሳየችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ልጄ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ተስቦ ጆሮዬን ከወሰደው ስምንት ዓመት አለፈው። ነጎድጓድ አልሰማም። ሚስቴ ስትሞት የሰው አፍ ሲከፈት አየሁ እንጂ ለቅሶውን አልሰማሁም። ብስራት ያን ወረቀት በሰጠችኝ ማግስት ወፉ እንደ ልማዱ ነጭ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ አፉን ከፈተ። ሰማሁት። ዘልዬ ተነሣሁና ጆሮዬ ተከፈተ ብዬ አጨበጨብኩ፤ ጭብጨባዬን አልሰማሁም። በእግሬ ውሃውን ረገጥኩት፣ አልሰማሁም። እሱን ብቻ ነው የምሰማው። ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል ይላሉ፤ እኔ አላበድኩም፣ ፈራሁ እንጂ።

ስለ አባትሽ የማውቀውን ያኔውኑ ተናግሬያለሁ። ሄደ። አብረውት የሄዱት ሰዎችም የት እንደወደቁ አይታወቅም። ለአባ ምናሴ ሽማግሌ ልከሽ አስለምኚ፤ ሰው ስንቱን ነገር በምልጃ ያስፈጽማል።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ስሙን አስለውጪ። መነጽሩም ይቅር፣ ሌላውም ይቅር።

አጎትሽ ወልደአምላክ

———

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጃንዋሪ 5፣ 2025

ለማከብርዎ ለጋሼ ወልደአምላክ፤

ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎ። ደብዳቤዎ ስድስት ሳምንት ፈጅቶ ትናንት ደረሰ፤ የገና ስጦታ ሆነልን። ጆሮዎን ሐኪም ይየው፤ ጅማ ጥሩ ሐኪም አለ ብላኛለች ሲሐም። እዚህ አንድ የማስታምማቸው ሽማግሌ አሉ፤ መስማት ካቆሙ በኋላ የድሮ የባቡር ድምፅ ይሰማኛል ይላሉ። ዶክተሩ የሚያጋጥም ነገር ነው ብሏል፤ አይፍሩ።

የስሙን ነገር ሞከርኩ። ሶሊን ብለምናት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ስሙን ከነጠቅሽብኝ አያቴን ነጠቅሽኝ ነው ነገሯ። ትምህርት ቤቱም ከታተመ በኋላ አይቀየርም አለኝ።

አሁን ደግሞ የኔ ጥያቄ። ወፎቹ በየሰዓቱ ያሉበት ቦታ ኮምፒውተር ላይ በነጥብ ይታያል፤ ሶሊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትከፍተው እሱን ነው። ሁለቱ ወፎች ከዛፍ ዛፍ ሲዞሩ ይውላሉ። ገላው ግን በእናንተ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ቦታ ነው፤ በየቀኑ። ያ ቦታ ከዳር የራቀ ነው፤ ካርታው ላይ ውሃና ደንገል ብቻ ነው የሚታየው፣ ዛፍ የለም። ሶሊ ለብስራት ኢሜይል ላከችላት። ብስራት መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ በአዲስ ለወጠችው። አዲሱም እዚያው ቦታ ያሳያል። ከሁሉ የገረመኝ ከፍታው ነው። ከውሃው በላይ ሃያ ሜትር ላይ ነው ይላል፣ አይንቀሳቀስም። ንስር ባዶ አየር ላይ ስድስት ሰዓት ተቀምጦ ይውላል እንዴ?

ካርታውን ፕሪንት አድርጌ ልኬልዎታለሁ፤ ቦታውን በቀይ ከብቤዋለሁ። እርስዎ በየቀኑ እዚያው ነዎት፤ ምንድነው ያለው?

እማዬ አንድ ቀን ሶሊ ትከሻ ላይ ተደግፋ አየችው። ይሄ ማነው ብላ ጠየቀች፤ ሶሊም ገላው ነው አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳያሊሲስ ስትሄድ የሶሊን ታብሌት ይዛ ነው። አራቱን ሰዓት ሙሉ ነጥቡን ታያለች። እማዬ ወፍ እኮ ነው ብላት ተቆጣችኝ፤ ወፍ መሆኑን አውቃለሁ፣ ጃጀሁ አልኩሽ ወይ አለችኝ። አባ ምናሴም በምልጃ አልተመለሱም፤ ጨክኜ ሳይሆን ሕጉ ስለማይፈቅድ ነው አሉኝ። አደራዎን ይጻፉልን።

የዓለምዘርፍ

———

መንደር ሦስት፣ ጋቦ ረግረግ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየዓለምዘርፍ፤

ኪዳነ ምሕረት ትጠብቃችሁ።

ካርታሽ ደረሰኝ። ያ ቦታ ምንም የለውም፣ ውሃ ነው። ሁለተኛ ካርታ አትላኪልኝ።

ሥራውን ልተው ብዬ ለብስራት ጻፍኩላት፤ ሰው እስካገኝ ይታገሡኝ አለች። ታገሥኩ። ረግረጉ ዳር መሄዱን ግን ቀንሻለሁ። እኔ ስቀር ወፉ ይመጣ ጀመር። ከጥምቀት ወዲህ ጠዋት በሬን ስከፍት ደፉ ላይ ዓሣ አገኛለሁ፤ ገና የሚንፈራገጥ፣ ጎኑ ላይ የጥፍር ቀዳዳ ያለበት። የመጀመሪያ ቀን የጎረቤት ሰው መስሎኝ ላመሰግን ሄድኩ፤ ማንም አላስቀመጠም። እስካሁን ዘጠኝ ጠዋት እንዲህ ሆኗል። አልበላሁትም። እየወሰድኩ ውሃው ውስጥ እጥለዋለሁ። አባትሽ ዓሣ ያጠመደ ቀን ድርሻዬን ደፌ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር የሚያልፈው፤ እኔ እንቅልፋም ስለነበርኩ አይቀሰቅሰኝም።

ዋርሳዬ ቆቡን ደፋች ወይ? ይህን ብቻ ጻፊልኝ። ያለ እኔ ቃል የሚሆንበት መንገድ ካለ በሱ ይሁን።

ወልደአምላክ

———

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 23፣ 2025

ጋሼ ወልደአምላክ፤

አልደፋችም። በምን ትድፋ?

ለእማዬ ደብዳቤዎን ሳነብላት ዓሣው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። ድገሚው አለች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝና እኛ ጋ የቀረውን የካርታውን ቅጂ አምጪ አለችኝ። በቀይ የከበብኩት ላይ ጣቷን አሳረፈች። እዚህ ትልቅ ዛፍ ነበር አለች። የአገሬው የሸካ ሽማግሌዎች የከለከሉት፣ ማንም እንዳይወጣበት፣ ማንም እንዳይቆርጠው የተባለ ዛፍ። ንስሮች ጫፉ ላይ ጎጆ ሠርተውበት ነበር። እርስዎና አባቴ ቀፎ ልትሰቅሉበት ስትንሾካሾኩ ሰምታ ተቆጥታችሁ እንደነበር ነገረችኝ። በዚያው ሳምንት ነው አባቴ የጠፋው።

ከዚያ የነገረችኝን ሰምቼው አላውቅም ነበር። አባቴ ዲማ ሄደ በተባለበት ቀን ጫማው አልጋ ሥር ነበር። ያለው ያ አንድ ጫማ ነው። «ወርቅ ቁፋሮ የሚሄድ ሰው ባዶ እግሩን አይሄድም» አለችኝ። «ጫማውን ጠቅልዬ ደበቅኩት። ለማንም ካሳየሁት ሞተ ማለት ይሆንብኛል ብዬ ሃያ አራት ዓመት ዝም አልኩ። እኔ ራሴን ዋሸሁ፤ ወልደአምላክ ግን እኔን ዋሸኝ።»

ጋሼ፣ እኔ እስከዛሬ ክፉ ቃል ተናግሬዎት አላውቅም። ዛሬም አልናገርም። ግን ጾሙን ይዛ ሳምንቱን ሙሉ አልቀመሰችም፤ ደሟ ወርዶ ሁለት ቀን ሆስፒታል አስተኟት። ዶክተሩ ልቧ ደክሟል፣ ብዙ አትጠብቁ ብሎኛል። ቆቡ የሚደፋላት በቁሟ ነው፤ ከሞተች በኋላ ማንም አይደፋላትም።

ሌላም አለ። ከማርች 14 ጀምሮ የገላው ነጥብ ረግረጉ ላይ የለም። እርስዎ ቤት ላይ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቀንም ሌትም አልተነቃነቀም። ሶሊ ወፉ ሞቷል ብላ እያለቀሰች ትምህርት ቤት አልሄድ አለች። ገደሉት እንዴ?

እርስዎን ከመጠየቅ በቀር ምንም መንገድ የለኝም። አባቴ የት ነው?

የዓለምዘርፍ

———

መንደር ሦስት፣ ጋቦ ረግረግ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገላው ልጅ፣ ለዋርሳዬ ለአበባም፤

ሦስት ወር ስላዘገየሁት ይቅርታ አልጠይቅም፤ ከዚህ የሚበልጥ ይቅርታ አለብኝ። አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀደድኩት።

ወፉን አልገደልኩትም። እኩለ ቀን ላይ በተከፈተው በሬ ገባና አልጋዬ ግርጌ ላይ ቆመ። ክንፉን ሰብስቦ፣ ያን ቢጫ ፊቱን አዙሮ አየኝ። እኔም ቢላ አነሣሁ። ላርደው ነበር፤ አልዋሽም። ቀርቤ ስቆም ግን አንገቱን ሳይሆን መሣሪያው የታሰረበትን ጠፍር ቆረጥኩለት። ጥፍሩን እንኳ አላነሣብኝም። ወጥቶ ሄደ። መሣሪያው ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ ያያችሁት እሱን ነው።

አሁን አባትሽን ልንገርሽ።

ጥቅምት 1993 ነው። ቀፎ ይዘን በታንኳ ወደ ዛፉ ሄድን። ዛፉ የተከለከለ መሆኑን እናውቃለን። ሽማግሌዎቹ ከዚያ በፊት አንድ ሰፋሪ ዋርካ ቆርጦባቸው ሁለተኛ ክልክላችንን ብትነኩ መንደራችሁን አንሡ ብለውን ነበር። ገላው ማን ያየናል አለ፤ ሳቅን። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ጫማውን ቤት ትቶ በባዶ እግሩ የመጣው ዛፍ ለመውጣት ነው። እኔ ታንኳውን ይዤ ቀረሁ፣ እሱ ቀፎውን በገመድ አንጠልጥሎ ወጣ። ጎጆው አጠገብ ሲደርስ እናቲቱ ንስር ፊቱን መታችው። ወደቀ።

ጭቃው ውስጥ እስከ ደረቱ ገባ። ዳሌው ተሰብሮ ነበር፤ መንቀሳቀስ አልቻለም። በኔና በሱ መካከል ሃያ እርምጃ አይሞላም። ታንኳው ደንገሉን አልፎ አይገባም። ወርጄ ብገባ እኔም እሰምጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ሰው ልጥራ፣ መጣሁ አልኩት። እሱም ፍጠን አለኝ።

ዳር ደርሼ ተቀመጥኩ። ቅርብ ያሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ብጠራቸው ዛፉ ላይ መውጣታችንን ያውቃሉ፣ መቶ ሃያ አባወራ ይነቀላል አልኩ። እንዲህ ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት። እውነቱ ግን እግሬ አልነሣም ብሎኝ ነው። ፈሪ ነበርኩ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሲጠራኝ ሰማሁ። መጀመሪያ ወልዴ ነበር የሚለው። ቀትር ላይ ወንድሜ አለ። በኋላ ቃል የሌለው ድምፅ ብቻ ሆነ። ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ፤ እጄን ባነሣሁ ቁጥር አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀረ። ቤት ገብቼ ለዋርሳዬ ዲማ ሄደ አልኳት።

ሰው ሁሉ ጆሮዬን ተስቦ ወሰደው ይላል። ታምሜ ነበር፣ እውነት ነው። ነገር ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ውሰድልኝ ብዬ ለምኛለሁ፤ ተሰጠኝ። ልጅሽ ስሙን እስክትጠራው ድረስ አርፌ ነበር።

ዛፉ በ1999 ክረምት በጎርፍ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ቦታው ውሃ ነው። ወፉ ግን በየቀኑ እዚያ ነበር፤ በሌለ ቅርንጫፍ ላይ እግሩን ቆልፎ ተቀምጦ አየው ነበር። ለብስራት መዝገብ ላይ «አልታየም» እያልኩ ጻፍኩ። እሱም ውሸት ነው።

ከፋሲካ በኋላ የደብራችን አስተዳዳሪ ቄስ መርዕድ ጋ ሄጄ መስቀል ጨብጬ መሰከርኩ። ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው፤ ማኅተም አለበት። ገላው ሞቷል፣ ዓይኔ አይቷል፣ ጆሮዬ ሰምቷል ይላል። ለአባ ምናሴ ስጪልኝ። ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄድኩ። ከዚያ ዘመን የቀሩት ሁለት ናቸው። መንደሩን አንሡ እንዳይሉ ለምኜ ነገርኳቸው። ትልቁ የተናገሩትን ልጃቸው ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፤ እንዳለ እገለብጥልሻለሁ። «ያን ቀን ድምፁን ሰምተነዋል፤ የንስር መስሎን ዝም አልን። ብትጠራን በገመድ እናወጣው ነበር። ዛፉ ዛፍ ነው፣ ሰው ሰው ነው።»



ከተናገርኩ በኋላ ድምፁ ዝም ይላል ብዬ ነበር። አልተወኝም። ዛሬም ከሦስት እስከ ዘጠኝ እሰማዋለሁ። ዋርሳዬ፣ ማሪኝ አልልሽም። ቆብሽን ድፊ፤ ደፍታለች የሚል አንድ መስመር ብቻ ይድረሰኝ።

ወልደአምላክ

———

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኦገስት 24፣ 2025

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ወልደአምላክ፤

ደብዳቤውና ማኅተም ያለበት ወረቀት በሐምሌ መጨረሻ ደረሱን። ብቻዬን ሳነበው መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ሥራ ሳልገባ ተመለስኩ። እኛ አገር መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ስለዚህ ላንድማርክ የሚኖረውን የእማዬን ወንድም ከፈለን ጠርቼ፣ አባ ምናሴም ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰው ይዘው መጥተው፣ በማለዳ ለእማዬ ተቀምጠው ነገሯት። ሃያ አራት ዓመት ያልለበሰችውን ጥቁር ለበሰች። ሰልስቱን እዚሁ አፓርትመንት ውስጥ ተቀመጥን። ሶሊ አማርኛ ስለማትጨርስ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስረዳኋት። አጎትሽ ለምን ወደ እሱ አልተመለሰም አለችኝ።

እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ጀምሮ የተቀየምኩት ሰው ጭቃ ውስጥ ሆኖ ሲጣራ የዋለ ሰው ነው። በልጅነቴ ስሙን ከደብተሬ ላይ ፍቄ የአያቴን ስም የጻፍኩበት ጊዜ አለ። ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። አሁንም እርስዎ እያልኩ የምጽፈው እናቴ እንዲህ አድርጋ ስላሳደገችኝ ነው።

ብስራት መሣሪያውን ከርስዎ ተረክባ ባትሪውን አውጥታ ጅማ እንደወሰደችው ጽፋልናለች። ለሶሊ ገጹን እንዳትከፍት ነግሬያት ነበር፤ አልሰማችኝም። ትናንት ጠርታ አሳየችኝ። ነጥቡ ውሃው ላይ አለ። ከሦስት እስከ ዘጠኝ።

ወደ ጠየቁኝ ልምጣ። አባ ምናሴ ወረቀቱን ተቀብለው ቆቡ ፍልሰታ ሲፈታ እንዲሆን ቀን ቆረጡ። እማዬ ጾሙን በሱባኤ ቆየች። ቀሚሷን ራሷ ሰፋች። ዓርብ ዕለት ዳያሊሲሱን ወደ ኋላ አስገፍቼ ወሰድኳት፤ ከከፈለ ጋር ግራና ቀኝ ደግፈናት ገባች። መነኩሴ ለዓለም የሞተ ነውና ፍትሐት ይደገምላታል ተብሎ መገነዣው ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር። አባ ምናሴ ቆቡን በእጃቸው ይዘው፣ ከመጀመራቸው በፊት ለሁሉም የሚጠይቁትን ጠየቋት።

«እማማ አበባ፣ በልብሽ የያዝሽው፣ ይቅር ያላልሽው ሰው አለ?»

ሰዉ ሁሉ የለም እንድትል ይጠብቃል፤ ሁሉም የለም ነው የሚለው። እኔም በሆዴ የለም በይ፣ የለም በይ እል ነበር። እማዬ ግን ቀና ብላ አየቻቸው።

«አለ» አለች።

አባ ምናሴ ቆቡን እንደያዙ ዛሬ ይቅር በይውና እንጨርስ አሏት። አንገቷን ነቀነቀች። ዋሽቼ አልመነኩስም፤ በውሸት የቆየሁት ይበቃኛል አለች። ነጩ ጨርቅ ተጠቀለለ። ቆቡን በመሶበወርቅ ውስጥ መልሰው አስቀመጡት። መኪና ውስጥ አልቅሼ ስጨርስ፣ እማዬ ደፍተሽው ቢሆን እኮ አሁን ዐርፈሽ ነበር አልኳት። እኔ እንዲቀለኝ አይደለም የምመነኩሰው አለችኝ።

ዛሬ ይህን ስጽፍልዎ አጠገቤ ተቀምጣለች። ምን ልበልለት አልኳት። ዶክተሩ ያለውን እሷም ታውቃለች፤ እርስዎም ሰባ አልፈዋል። ከዚያ የተናገረችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ ጽፌልዎታለሁ።

«ይቅር ለማለት እየሞከርኩ ነው። እስክችል ድረስ እንዳይሞት ንገሪው።»

የዓለምዘርፍ ገላው